ባሕሩን ራሳቸው የዘጉት ዓሣ አስጋሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ባሕር ጥበቃ ሲወራ ብዙዎቻችን የሚታየን ጠላቂ ሳይንቲስትና ነጭ የምርምር መርከብ ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ግን ስለ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ባሕሩን በትንሽ ጀልባ፣ በመረብና በጦር፣ አንዳንዴም በእግራቸው እየገቡ የሚያውቁት ሰዎች። ጥያቄዎቹ ስለ ዓሣ ባወራሁ ቁጥር የሚገጥሙኝ ናቸው። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አነስተኛ ዓሣ አስጋሪ የሚባለው ማን ነው?

በአጭሩ፣ ትልቅ መርከብ የሌለው። ከባሕሩ ዳር ብዙ ሳይርቅ ያሰግራል። ከያዘው ላይ ቤተሰቡ ይበላል፣ የተረፈውን ይሸጣል። ጀልባ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። እነሱ ባሕሩ ሲጎድል፣ ማለትም ውሃው ከዳርቻው በሚሸሽበት ሰዓት፣ በእግራቸው ገብተው ድንጋይ ለድንጋይ ይፈልጋሉ።

"አነስተኛ" የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ)፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲና ወርልድፊሽ የተባለው የምርምር ተቋም በ2023 አንድ ሰፊ ጥናት አውጥተው ነበር። በእሱ መሠረት በዓለም ከሚሰገረው ዓሣ ቢያንስ 40 በመቶው የእነዚህ ሰዎች ነው። ከማስገር ሥራ ከሚተዳደሩት 10 ሰዎች 9ኙ የሚሠሩት እዚሁ ዘርፍ ውስጥ ነው። ታዲያ ትንሹ ማን ነው?

መንግሥት ቦታውን ከልሎ ጠባቂ ቢያቆም አይበቃም?

ለተወሰነ ጊዜ ይሠራ ይሆናል። ፊሊፒንስ ውስጥ ሱሚሎን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በ1974 ሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ከደሴቷ የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት፣ ዓሣ የሚጠለልበት ድንጋይ መሰል ቦታ) የተወሰነውን ክፍል እንዳይሰገርበት አስከለለ። ዓሣው በዛ። ከክልሉ ውጭ የሚያሰግሩትም የተሻለ መያዝ ጀመሩ። ከ10 ዓመት በኋላ የአካባቢው ፖለቲካ ተለወጠ፣ ክልከላው ፈረሰ፣ ሰው ገባ። ጥቂት ቆይቶ የደሴቷ ጠቅላላ ምርት ከግማሽ በላይ ወደቀ። ለማስገር የተከፈተው ቦታ ቢጨምርም የተያዘው ዓሣ አነሰ ማለት ነው።

ብዙም ሳይርቅ አፖ የምትባል ሌላ ደሴት አለች። እዚያ የዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂስት አንጄል አልካላና ባልደረቦቹ አካሄዳቸውን ቀየሩ። ነዋሪዎቹን ሱሚሎን ድረስ ወስደው በዓይናቸው እንዲያዩ አደረጉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። በ1982 ጥቂት ቤተሰቦች ከሪፋቸው ትንሽ ቁራጭ ዘግተው ራሳቸው መጠበቅ ጀመሩ። ያ ክልል ለአሥርት ዓመታት ጸንቷል። ሳይንሱ ሁለቱም ቦታ ያው ነበር። የተለየው "የእኔ ነው" ያለው ሰው ነው።

ከእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ የለም? አፍሪካ ውስጥ?

አለ፣ ያውም ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር ውስጥ አንዳቫዱዋካ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ቬዞ ይባላሉ፤ ባሕር ላይ የሚኖሩ፣ ዓሣ ፍለጋ በሸራ ታንኳ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሕዝቦች ናቸው። አገሩ ደረቅ ነው። እርሻው አያወላዳም። ያላቸው ባሕሩ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኦክቶፐስ (አጥንት የሌለው፣ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ) ነጋዴ መጣ። ኦክቶፐሱ በበረዶ ተጭኖ ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ጥሬ ገንዘብ ሲመጣ የሚሆነው ሆነ። ሁሉም ሰው ወደ ሪፉ ወረደ፤ የሚያዘው ኦክቶፐስም እያነሰ ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ እንስሳው ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። ግን ሲያድግ አይጣል ነው! ዛሬ በጦር ብታነሱት እፍኝ የማይሞላ ነው። ሁለት ሦስት ወር ብትተዉት ክብደቱ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ሴቷ ደግሞ የምትወልደው አንዴ ነው፤ እንቁላሏን ጉድጓድ ውስጥ እስኪፈለፈል ትጠብቅና ትሞታለች። ስለዚህ አጭር ዕረፍት እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ዛፍ ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጅን መጠበቅ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች ብሉ ቬንቸርስና ዋይልድላይፍ ኮንሰርቬሽን ሶሳይቲ ከሚባሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች፣ ከቱሊያራ የባሕር ሳይንስ ተቋምና ኦክቶፐሱን ከሚገዛው ኩባንያ ጋር መከሩ። በ2004 መጨረሻ ኖሲ ፋሲ የሚባለውን አንድ ቦታ ዘጉ፤ ሌላውን ክፍት ተዉት። ለ7 ወር ማንም አልነካውም። በ2005 አጋማሽ ተከፈተ። የወጣው ኦክቶፐስ ትልልቅ ነበር። ወሬው ከመንደር መንደር ሮጠ፤ ጎረቤቶቹም "እኛስ?" አሉ። በ2006 ከ20 በላይ መንደሮች ተሰባስበው ቬሎንድሪያኬ የተባለ የጋራ ክልል መሠረቱ። ትርጉሙ ከባሕር ጋር መኖር እንደማለት ነው። መንግሥትም ቢሆን የመጀመሪያውን መዝጋት ተከትሎ መጣ። በ2005 ኦክቶፐስ በየዓመቱ ለ6 ሳምንት እንዳይያዝ ደነገገ።

ኦክቶፐስ ግን ይበላል እንዴ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። እኛ አገር ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ የማይቀምስ ስንት ሰው አለ፤ ስምንት እግር ያለው ነገር ቢያስደነግጥ አይገርምም። ቬዞዎች ይበሉታል፣ አውሮፓውያን ይሻሙበታል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

በእርግጥ ሠርቷል? ወይስ የፕሮጀክት ሪፖርት ነው?

ጥርጣሬው ተገቢ ነው። በ2015 ፕሎስ ዋን በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የ8 ዓመት መዝገብ አገላብጦ 36 የመዝጋት ጊዜዎችን መርምሯል። ከተከፈተ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ከቦታው የወጣው ኦክቶፐስ፣ ከመዘጋቱ በፊት ከነበሩት 30 ቀናት ጋር ሲነጻጸር በ718 በመቶ ጨምሯል።

ይህ ቁጥር ዓይን ይስባል፤ እኔ ግን ብዙ አልተማመንበትም። ቦታው ሲከፈት ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ስለሚወርድ የሚወጣውም ይበዛል። የሚያሳምነኝ ሌላው ነው። አንድ አስጋሪ በአንድ ቀን የሚይዘው በ87 በመቶ ጨምሯል። የመንደሩ የኦክቶፐስ ገቢ በዚያ ወር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ገቢያቸው ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። የሚዘጉት ከማስገሪያ ቦታቸው አንድ አምስተኛ ገደማውን ብቻ ነበር፤ በቀረው መሥራት ይችላሉ። ድሃ ሰው ስድስት ወር ጾሙን ይደር ብሎ ነገር የለም።

ከ36ቱ 27ቱ ትርፍ አመጡ። 9ኙ አላመጡም። ይህንንም መናገር ጥሩ ነው።

ሲከፈት ሁሉም ተሻምቶ አይጨርሰውም?

ይሻማል! ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነው። የመክፈቻው ቀን እንደ ገበያ ቀን ነው። ባሕሩ በጣም የሚጎድልበት ቀን ተመርጦ ይቆረጣል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ጦሩን ይዞ በጠዋት ይወርዳል። መጠበቁን ያልደከሙበት ከሩቅ መንደር የመጡም አሉበት። ያን ሁሉ ወር የተጠራቀመው በጥቂት ቀን ይወጣል። የኮራሉም ነገር አለ፤ ያ ሁሉ እግር ሲረግጠው ይሰባበራል።

መፍትሔውን ያገኙት እየተሳሳቱ ነው። አንዱ ዘዴ ብዙ መንደሮች ቦታቸውን በአንድ ቀን እንዲከፍቱ ማድረግ ነው፤ ሰው ሁሉ የራሱ ቦታ ስላለው የሌላው ላይ አይሰፍርም። ሌላው ዋጋና የገዢ መኪና አስቀድሞ መነጋገር ነው። ሙቀት ውስጥ የተከመረ ኦክቶፐስ ገዢ ካልደረሰለት ልፋቱ ከንቱ ነው።

ደንቡን የጣሰን ማን ይቀጣል?

ማዳጋስካር ውስጥ "ዲና" የሚባል ነገር አለ። ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ የሚያወጣው፣ ሽማግሌና ጎረቤት የሚያስከብረው ደንብ ነው። የእኛን እድር አስቡት። መቅረት ያስቀጣል፣ ቅጣቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከቅጣቱ ይልቅ ሐሜቱ ያስፈራል። ልዩነቱ፣ ዲና ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው የሕግ ጉልበት ማግኘቱ ነው።

ለእኛ ሰው ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ ላይ "ቄሮ" የሚባል ሥርዓት ነበር። የጓሳው ሣር ለብዙ ዓመት፣ አንዳንዴ 3 አንዳንዴም 5 ዓመት ይዘጋል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ባለመብቱ ወጥቶ ያጭዳል። ተጠያቂው የተመረጠ አለቃ ነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኖረ ነው ይባልለታል፤ የደከመው ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። የቬዞ ሴት ስለ ኦክቶፐስ የምታወራው፣ የመንዝ ገበሬ ስለ ሣር የሚያወራው አንድ ነገር ነው። ዝጋ፣ ጠብቅ፣ አብረህ ክፈት።

ያልተማረ አስጋሪ ለሳይንስ ምን ያበረክታል?

"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ይባል የለ? በ1938 ደቡብ አፍሪካ አጠገብ አንድ መርከብ እንግዳ ዓሣ አወጣ። የሙዚየም ሠራተኛዋ ማርጆሪ ኮርትኔይ ላቲመር አየችውና ደነገጠች። ዓሣው ሲላካንት ነበር፤ ሳይንቲስቶች ከዳይኖሰር ጋር ጠፍቷል ብለው የደመደሙት ዓሣ። ሁለተኛውን ለማግኘት 14 ዓመት ፈጀ። ፎቶው ያለበት የሽልማት ወረቀት በየወደቡ ተበተነ። በ1952 ኮሞሮስ ላይ ተገኘ። የኮሞሮስ አስጋሪዎች ግን በዓሣው አልተገረሙም። "ጎምቤሳ" ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። አልፎ አልፎ መንጠቋቸው ላይ ይመጣል፤ ሥጋውም ያን ያህል አይወደድም። ዓለም ሞቷል ያለው ዓሣ እነሱ ጋ ተራ ነገር ነበር። የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ይህኛው በሳቅ ይታለፋል። የካናዳው አያስቅም። በ1980ዎቹ ኒውፋውንድላንድ ላይ በትንሽ ጀልባ የሚሠሩ አስጋሪዎች "ኮድ የሚባለው ዓሣ እያለቀ ነው፣ የምንይዘውም እያነሰ ነው" ብለው ጮኹ። ማኅበራቸው በራሱ ገንዘብ የባዮሎጂ ባለሙያዎች ቀጥሮ እስከማስጠናት ደረሰ። የመንግሥት ግምት ግን በአብዛኛው የቆመው ከጥልቁ ባሕር በሚመጣ መረጃ ላይ ነበር፤ ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ ዓሣው የተሰበሰበበትን ቦታ እየፈለጉ ስለሚያገኙት ብዙ የቀረ ይመስል ነበር። ጁላይ 2 ቀን 1992 ኮድ ማስገር ተከለከለ። 30,000 ገደማ ሰው ሥራ አጣ።

ይህን ስል አስጋሪ ሁሉ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። የሰው ትዝታ ያጋንናል፤ የልጅነት ዓሣ ሁሌም ትልቅ ነው። ለዚህም ነው ሁለቱ እውቀቶች ጎን ለጎን መቀመጥ ያለባቸው።

ታዲያ በምርምሩ ውስጥ በተግባር ምን ይሠራሉ?

ብዙው ሥራ አሰልቺ ነው። ጀልባ በሚደርስበት ዳርቻ ላይ ሚዛን፣ ማስመሪያና ደብተር ይዞ መቆም። ማን ወጣ፣ በምን መሣሪያ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ምን ያዘ፣ ስንት ኪሎ። ይህን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የሰለጠኑ የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ ዛሬ በስልክ የሚመዘግቡም አሉ። "ስንት ሰዓት ቆየ" የምትለዋን እንዳትንቋት። 10 ኪሎ በሁለት ሰዓትና 10 ኪሎ በሙሉ ቀን አንድ አይደሉም። ዓሣ እያለቀ መሆኑ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ ከፍ ሲልም መሣሪያ አብሮ መፈተን አለ። ኬንያ ውስጥ በሽመል የሚሠራ የዓሣ ወጥመድ አለ። ጨቅላውም፣ ለምግብ የማይሆነው ቀጭን ዓሣም አንዴ ከገባ አይወጣም። ተመራማሪዎችና አስጋሪዎች ወጥመዱ ላይ ጠባብ ማምለጫ አበጁ። ቀላል ነገር ናት። የማይፈለገው ዓሣ ያመልጣል፣ የሚያዘው ዓሣ መጠን ያድጋል፣ ገቢም ጨመረ። ገቢ ባይጨምር ኖሮ ማንም አይሞክረውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ይረሳል። መረጃው ተመልሶ መምጣት አለበት። ተመራማሪው ሦስት ዓመት መዝኖ፣ ጽፎ፣ ዲግሪውን ይዞ ሲጠፋ መንደሩ ያዝናል። ሌላ ዓመት ሌላ ተማሪ ሲመጣ "ያኛውስ ምን አገኘ?" ይሉታል። ሰሌዳ ላይ የተሳለ አንድ ግራፍ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማስረዳት ከማንኛውም መጽሔት ይበልጥባቸዋል።

ይከፈላቸዋል?

እንደ ቦታው ነው። ኬንያ፣ ዋታሙ ውስጥ በስህተት መረባቸው ውስጥ የገባ የባሕር ኤሊ ሲያገኙ ለአንድ የጥበቃ ድርጅት ይደውላሉ። ኤሊው ይለካል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ይለቀቃል። አስጋሪው ላባከነው ጊዜ ትንሽ ካሳ ያገኛል።  ካሳው የኤሊው ዋጋ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ኤሊ ማጥመድ ሥራ ይሆናል።

የእኔ አቋም፦ ሰው ቀኑን ካዋለ ይከፈለው። ዘመናዊ አዳራሽ ውስጥ አበል በልቶ ፊርማ ፈርሞ መውጣትን ግን ተሳትፎ አልለውም። ተሳትፎ መሆኑን የማውቀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ አስጋሪዎቹ "አይሆንም" ቢሉ የሚቀየር ነገር አለ?

ሴቶችስ የት አሉ?

መሃሉ ላይ፣ ግን ቆጠራው ውስጥ የሉም። ጀልባ ብቻ የሚቆጥር መዝገብ በእግሯ ሪፍ ላይ የምትሠራን ሴት አያያትም። ማዳጋስካር ላይ ኦክቶፐስ ከሚለቅሙት ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። ፋኦ ባወጣው ጥናት ከመያዝ እስከ መሸጥ ባለው ሥራ ከ10 ሰው 4ቱ ሴቶች ናቸው። ስብሰባ የሚጠራው የጀልባ ባለቤቶችን ብቻ ከሆነ ቦታውን የሚዘጉት የማይሠሩበት ወንዶች ይሆናሉ። መዝጋት የሚቀለው ደግሞ የሰው እንጀራ ነው።

ሌላ ቦታ ተዛምቷል?

አዎ። በሞሪሸስ ሥር ያለችው የሮድሪገስ ደሴት አስጋሪዎች ማዳጋስካር ሄደው አይተው፣ በ2012 የራሳቸውን የኦክቶፐስ ዕረፍት ጀመሩ። ኬንያ ኩሩዊቱ ላይ ሽማግሌ አስጋሪዎች በ2005 ወደ 30 ሄክታር የሚሆን ባሕር በቋሚነት ዘግተዋል። አስጋሪ ከአስጋሪ ይማራል፤ ጓደኛው የያዘውን ኦክቶፐስ አይቶ።

ብዙም አንኩራራ ግን። ከአድማስ የሚመጣውን ትልቅ መረብ ጎታች መርከብ የመንደር ደንብ አያስቆመውም። ባሕሩ ሲሞቅ ኮራል ይነጣል፣ ይሞታል፤ ይህንንም ዲና አይፈርድበትም። እዚያ ላይ መንግሥት ያስፈልጋል።

ባሕር የለንም። እኛን ምን ያገባናል?

ጣና አለን። ጣና ውስጥ ሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ገደማ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። የወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ፣ ሊራባ የሚወጣውን ዓሣ መጠበቅ ቀላል ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት የሚያዘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል።

ሕግ አለን። በእኛ አቆጣጠር በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ነው። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። በነሐሴ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ ማን ይቆማል? ዓሣው የሚወጣበትን ሰሞን ከአስጋሪዎቹ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መረቡን እዚያ የሚዘረጉትም ለዚሁ ነው። የመዝጊያውን ቀን ለመቁረጥ የሚያስፈልገውም ያው እውቀት ነው።

ማዳጋስካርን እንዳለ መቅዳት ግን አይሆንም። ነጭ ዓሣ ኦክቶፐስ አይደለም፤ ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይወስድበታል። ዛሬ የዘጋ ሰው በ7 ወር ትልቅ ዓሣ አያይም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የጓዳ ነው። ወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ባልተዘረጋባቸው ሁለት ወራት ቆሮሶና አምባዛ ከሐይቁ ማግኘት ይቻላል? ገዢው ዋጋ ያወጣለታል? ይህ የሚጠየቀው ጎርጎራ ወይም ባሕር ዳር፣ ታንኳ ሲታሰር በጠዋት ነው።